የእሽቅድድም ሜዳዎቻችን፤ ከደብረ ብርሃን መስክ እስከ ጃን ሜዳ

(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ታሪክን የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና በድንጋይ ስለ ታነጹ አዳራሾች ነው። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ግን ምንም ስላልተሠራበት ቦታ፣ ይኸውም ስለ ሜዳ ነው። ፈረስ የሚጋለብበት፣ ጉግስ የሚገጠምበት፣ ሯጭ የሚሽቀዳደምበት፣ ኳስ የሚለጋበት ሜዳ ምን ታሪክ አለው የሚል ሰው ቢኖር፣ ንግግራችን እስኪፈጸም ድረስ ጥቂት ታግሦ እንዲያዳምጠን እንለምነዋለን።

ይህን አሳብ በልቡናዬ የቀሰቀሰው አሊዩ አምባ ነው። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ ሲወርዱ የሚገኝ፣ ዙሪያውን ገደልና ተዳፋት የከበበው የጥንት የገበያ ከተማ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ወርጄ ሳለሁ ልጆች በአንዲት ጠባብ ደልዳላ ቦታ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አየሁ። ኳሷ ከመሥመር በወጣች ቁጥር ወደ ሸለቆው ትንከባለላለች፤ አንዱም ልጅ ተከትሏት ይወርዳል፤ የቀሩት ቆመው ይጠብቁታል። የጨዋታው እኩሌታ ጊዜ ያለቀው ኳስ በመጠበቅ ነበር። ከልጆቹም አንዱን «ከዚህ የሰፋ ሜዳ የላችሁምን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አለ፤ ነገር ግን እርሱ የሰው ነው» ሲል መለሰልኝ። «የሰው ነው» ያላት ቃል ከልቤ ሳትወጣ ቀረች። ለመሆኑ ሜዳ የማን ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው? የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይኸውም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፣ የሸዋ መንግሥት የንግድ በር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከታጁራና ከዘይላ ወደብ፣ ከሐረርም የሚመጣው ቅፍለት በአፋር በረሃ አቋርጦ እዚህ ይደርሳል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪውና የደጋው ሰው ሁሉ በገበያው ይገናኛል፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቈጠራል፤ የንጉሡም ሹም ቀረጥ ይቀበላል። በሐምሌ 1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ ወደ አንኮበር ሲወጣ ያለፈው በዚሁ በአሊዩ አምባ በኩል ነበር፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ።

እንግዲህ ቆላው የግመልና የበቅሎ፣ የሸክምና የገበያ አገር ነው። ፈረስ የሚጋለብበት ሰፊ መስክ የሚገኘው ከዚያ በላይ በደጋው ነው። ንጉሡም በክረምት መውጫ፣ የመስቀል በዓል በደረሰ ጊዜ፣ ሠራዊቱን የሚመለከተው በደብረ ብርሃን መስክ ላይ ነበር። ሐሪስ በዚያ በዓል ተገኝቶ ያየውን በመጽሐፉ ጽፎታል። ባላባቱና ሹሙ እያንዳንዱ የየራሱን ፈረሰኛ እየመራ በንጉሡ ፊት ያልፋል፤ ጋሻው፣ ጦሩ፣ የፈረሱም ሽልማት በአደባባይ ይታያል። ይህ ትርኢት ለዓይን ደስታ ብቻ የተደረገ አይደለም። ስንት ፈረሰኛ እንዳለ የሚቈጠረው፣ ፈረሱን ያከሳው ሹም የሚያፍረው፣ ጐበዙ ጋላቢም ለሹመት የሚታወቀው በዚሁ መስክ ነው። በሌላ አነጋገር መስኩ የመንግሥቱ መዝገብ ነበር። ስለዚህም ማንም ደፍሮ ሊያርሰው አይችልም።

ፈረስ በአባቶቻችን ዘንድ የነበረውን ክብር ለማወቅ የፈረስ ስማቸውን ማስታወስ ይበቃል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ ፈረሱ ከጌታው ጋር አንድ አካል ሆነ ማለት ነው። በጐንደርም ከአፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችው ክብ ግንብ ዞብል የተባለው የንጉሡ ፈረስ መቃብር ናት እየተባለ በትውፊት ይነገራል። ለፈረስ መቃብር ያሠራ ሕዝብ ለፈረስ መሮጫ መከልከሉ የኋላ ዘመን ነገር ነው።

ጉግስም የዚሁ ልምምድ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እየተከተለ ዘንጉን ይወረውራል፤ የሚሸሸውም ፈረሱን ሳያቆም ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ያልለመደ ሰው ይህን በጠባብ ቦታ ቢሞክረው አንገቱን ይሰብራል። ፈረሱ ዐርፎ የሚመለስበት፣ የወደቀም ሰው ሳይረገጥ የሚነሣበት ስፋት ያስፈልጋል። ስለሆነም ጉግስ ባለበት ሁሉ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሜዳው በጠበበበት ሁሉ ጉግስ ቀርቷል።

አዲስ አበባ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ስትቈረቈር ለዚህ ጉዳይ የተመደበው ቦታ ጃን ሜዳ ሆነ። «ጃን» ማለት «ጃንሆይ» በምንለው ቃል ውስጥ እንደምናገኘው የንጉሥ መጠሪያ ነው፤ ስለዚህ ጃን ሜዳ የንጉሥ ሜዳ ማለት ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የታየው ነገር አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። እኛ ግን ሁለት ቀን ብቻ እናነሣለን።

የመጀመሪያው ጥቅምት 23 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱ ጊዜ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት አስከትተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በቶራ መስክ ተዋግተው ወደቁ። ከዚያም ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። ከስድስት ቀን በኋላ የድሉ ሰልፍ በጃን ሜዳ ሲደረግ፣ ያ አባ ሻንቆ ተብሎ የሚፈራው ታላቅ ፈረሰኛ ንጉሥ በሰንሰለት ታስሮ በንግሥት ዘውዲቱ ፊት አለፈ። ሁለተኛው ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት ነው። ዕለቱም ልክ ከ14 ዓመት በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነበር። በዚያው በዓል ሰሞን ከየአገሩ የመጡ መልእክተኞች በተገኙበት በጃን ሜዳ ታላቅ የሠራዊት ሰልፍ ተደረገ። አንዱ ሜዳ የአንዱን ንጉሥ ውርደት፣ የሌላውንም ክብር ተመልክቷል።

በከተማይቱ ሰሜን ምሥራቅ የሰፈሩት የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ለጃን ሜዳ ጐረቤት ስለነበሩ፣ እንደ አውሮፓ ሥርዓት የፈረስ እሽቅድድም በዚያ ይደረግ ጀመር፤ መኳንንቱም ፈረሳቸውን አሠልጥነው ይገቡ ነበር። የጥምቀትም በዓል በየዓመቱ የሚከበረው በዚሁ ሜዳ ነው፤ ታቦታቱ በዋዜማው ወርደው እዚያ ያድራሉ። ስለዚህ ጃን ሜዳ በሦስት ነገር የታጠረ ነበር ማለት እንችላለን። አንደኛው የንጉሥ ሥልጣን፣ ሁለተኛው በዓል፣ ሦስተኛውም የተጫዋቾች ማኅበር ነው። ይህን ሦስት ነገር አድማጮቻችን በልቡናችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከጊዜ በኋላ ኳስ ጨዋታ እየገነነ ሲሄድ ሕዝቡ ወደ ስታዲዮም ተሰበሰበ። ከምድር ባቡር ጣቢያው በላይ የሚገኘው የአዲስ አበባ ስታዲዮም ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ የሚባሉ መቀመጫዎቹን የከተማው ሰው እንደ ሰፈሩ ስም ያውቃቸዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ በዚህ ስታዲዮም ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ ተደረገ። በዚያ ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ይባል የነበረው የግብፅ ቡድን ሁለት ጊዜ ቢመራም፣ ግርማ ተክሌና ኢታሎ ቫሳሎ እየተከታተሉ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨምረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውንም የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ይህንኑ ውድድር በአገሯ አስተናገደች። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

እንግዲህ ይህን የሚያህል ታሪክ ያለው አገር ሜዳው እንዴት ሆነ? ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በጃን ሜዳ የፈረስ እሽቅድድሙ ቀዘቀዘ፤ የንጉሥ ሥልጣን የሚባለው አጥር ፈርሷልና። በእግሩ የሚሮጠው ወጣት ግን ሜዳውን አልለቀቀም። የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ሩጫ በየዓመቱ እየተደረገ፣ ለዓለም ውድድር የሚላኩት ሯጮቻችን ሲመረጡበት ኖሯል። የፈረስ ኮቴ የደበደበው መሬት ለሰው እግር ተረፈ።

ከዚያም 2012 ዓ.ም. ደረሰ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን የጥምቀት በዓላችን በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን ገና አምስት ወር ሳይሞላ የኮሮና ወረርሽኝ ስለ መጣ፣ ሕዝቡ እንዳይጨናነቅ በማለት በአትክልት ተራ የነበረው ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ክረምቱ ሲገባ የሽንኩርትና የጎመን ቅርፍት ከጭቃው ጋር ተለወሰ፤ የጭነት መኪናም ሜዳውን አረሰው። በችግር ጊዜ የተደረገ ነገር ስለሆነ ማንንም ለመውቀስ አንልም፤ ነጋዴውም መብላት ይገባዋል፤ ሸማቹም እንደዚሁ። ልብ የምንለው ግን ሌላ ነገር ነው። ገበያው ከሜዳው የተነሣው የሚቀጥለው ጥምቀት ስለ ደረሰ ነው። ታቦታቱ በጥር 2013 ዓ.ም. የሚያድሩበት ቦታ ይጥራ ባይባል ኖሮ፣ ጊዜያዊው ገበያ ምን ያህል ዓመት ይቈይ እንደ ነበር ማን ያውቃል? የቀን መቁጠሪያ ሜዳውን አዳነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስታዲዮሞቻችን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኙም። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በባሕር ዳር ስታዲዮም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ስታዲዮሙ የተፈለገውን ደረጃ አያሟላም ስለ ተባለ፣ የአዲስ አበባውም እንደዚሁ ስለ ነበረ፣ ቡድናችን በገዛ አገሩ ሜዳ አጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር 2 ቀን ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው በጆሐንስበርግ ከተማ ነበር፤ አንድ ለአንድ ወጣን። ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በማላዊ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። አባቶቻችን በ1954 ዓ.ም. ግብፅን አሸንፈው ዋንጫ ሲያነሡ በዙሪያቸው ካታንጋ ይጮኽ ነበር። ልጆቻቸው ከስድሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ቡድን ሲያሸንፉ የራሳቸው ሕዝብ የነበረው በቴሌቪዥን ፊት ነው። ከስድሳ ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲዮምም በዚያ ጊዜ ገና አላለቀም ነበር። ድል ነበረን፤ ሜዳ ግን አልነበረንም።

ይህ መከራ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ጥቂት እንሻገር። በዚያ አገር ስፒድዌይ የሚባል የሞተር ብስክሌት እሽቅድድም አለ። አራት ጋላቢዎች ፍሬን በሌለውና ባለ አንድ ማርሽ በሆነ ሞተር ላይ ተቀምጠው፣ በእንቁላል ቅርጽ በተሠራ የአፈር ጐዳና ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ በመታጠፊያውም ላይ የኋላ ጐማቸውን እያንሸራተቱ ያልፋሉ። የእኛን ጉግስ ያየ ሰው ለምን እንደሚወደድ ወዲያው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1928 ለንደን አጠገብ በሃይ ቢች ከተደረገው ውድድር በኋላ ጨዋታው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1936 በታላቁ በዌምብሊ ስታዲዮም ተደረገ።

ዛሬ ግን ከእነዚያ ሜዳዎች ብዙዎቹ የሉም። በለንደን የዊምብልደን ስፒድዌይ እ.ኤ.አ. በ2005 ቆመ፤ ኋላም ስታዲዮሙ ፈርሶ በቦታው የኳስ ስታዲዮምና መኖሪያ ቤት ተሠራ። የኮቨንትሪ ከተማ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ይሰበሰቡበት የነበረው ብራንደን ስታዲዮም ከ2016 ወዲህ ጋላቢ አላየም፤ ገዢዎቹ ቤት ሊሠሩበት ስላሰቡ ባዶውን ሆኖ ፈራረሰ። በዎልቨርሃምፕተንም ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2023 አበቃ። ምክንያቱ ሲመረመር የተመልካች ማነስ ብቻ አይደለም። የስፒድዌይ ማኅበሮች አብዛኛውን ጊዜ የሜዳው ባለቤቶች ሳይሆኑ ጪሰኞች ናቸው። ስታዲዮሙ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ የመሬት ዋጋ በናረ ጊዜ ባለቤቱ ሒሳቡን ያሰላና «ልቀቁ» ይላል። ደጋፊው ሺህ ቢሆን እንኳ የባለቤትነት ወረቀት የለውም። በአንጻሩ በኦክስፎርድ የከተማው ምክር ቤት ቦታው ተጠብቆ እንዲቈይ ስለ ወሰነ፣ ለዓመታት ተዘግቶ የነበረው ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደ ገና ተከፍቶ ሞተር ተሰማበት። በማንቸስተርም ለዚሁ ጨዋታ ብቻ የታሰበ ብሔራዊ ስታዲዮም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ። የሚጠፋውም የሚተርፈውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ተመልሰን የምንጽናናበትን አንድ ምሳሌ እናንሣ። በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ጠላት ገና ከአገራችን ሳይወጣ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዓላማውም ፈረስ በዓድዋና ከዚያም በኋላ በተደረገው ተጋድሎ ለአገር የዋለውን ውለታ መዘከር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ በዓል ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን ሸልመው በሜዳው ላይ ይሰበሰባሉ፤ ግልቢያ ይደረጋል፤ ጉግስ ይገጠማል። ልብ በሉ፤ ማኅበሩ በተመሠረተ ጊዜ ንጉሡ በስደት ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ንጉሥ ተመልሶ ነግሦአል፤ ዘውድም ወርዷል፤ ደርግ መጥቶ ሄዷል፤ መንግሥት ተለዋውጧል። ማኅበሩ ግን አለ። አባት ለልጁ ርስት እንደሚያወርስ ሁሉ የአባልነትን ተራ ያወርሳልና።

እንግዲህ ቀደም ብለን በልቡናችሁ ያዙልን ወዳልናችሁ ሦስት ነገር እንመለስ። የደብረ ብርሃንን መስክ የጠበቀው የንጉሥ ሥልጣን ነበር፤ ሥልጣኑ ሲያልፍ የፈረሱም ሰልፍ አብሮ አለፈ። ጃን ሜዳን ከገበያ ያስመለሰው በዓል ነው። የእንጅባራን ፈረስ ያቆየው ማኅበር ነው። ከሦስቱ ደካማው ሥልጣን መሆኑን ታሪክ አሳየን፤ ሹም ይሻራልና። በዓል ግን በየዓመቱ ይመለሳል፤ ማኅበርም ሟቹን በልጁ ይተካል። ስታዲዮሞቻችን የተቸገሩት ሲሚንቶ አጥተው ብቻ አይመስለኝም። ሲመረቁ ሪባን የሚቈርጥ አያጡም፤ በማግሥቱ ግን ሣሩን የሚያጠጣ፣ መጸዳጃውን የሚያጸዳ፣ መቀመጫው ሲሰበር «የእኔ ነው» ብሎ የሚቈጣ ባለቤት ያጣሉ።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ማንኛውም ከተማና ቀበሌ ልጆቹ የሚጫወቱበትን ቦታ በካርታ ለይቶ፣ ወሰኑን አስምሮ፣ በመዝገብ ያስጽፍ። ይህ ብቻ አይበቃምና በዓመት አንድ ቀን፣ የመስቀል ማግሥትም ይሁን ገና ወይም ዒድ፣ ሕዝቡ ሁሉ የሚሰበሰብበት የጨዋታ ቀን ይቁረጥለት። ሽማግሌና ወጣት ያሉበት ማኅበርም ያቋቁምለት። ያልተጻፈ ሜዳ ይወሰዳል፤ ተጽፎ የማይረገጥ ሜዳም ባዶ መሬት ይባላል። ባዶ መሬት የተባለ ቦታ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው።

ከአሊዩ አምባ ስመለስ ልጆቹ ገና ይጫወቱ ነበር። ፀሐይዋ ከአንኮበር ተራራ ጀርባ ስለ ገባች ሸለቆው ጨልሟል፤ ኳሷም እንደ ገና ተንከባልላ ወርዳለች። ያ «የሰው ነው» ያለኝ ልጅ ሊፈልጋት እየሮጠ ሲወርድ አየሁት። በዚያ ቁልቁለት እንዲህ የሚሮጥ ልጅ ደልዳላ መሬት ቢያገኝ ምን ያህል ይሮጥ ነበር ብዬ አሰብሁ። አባቶቹ በዚህ ቆላ ለግመልና ለአሞሌ የሚበቃ ሜዳ አላጡም ነበር። እርሱ ለአንዲት ኳስ የሚበቃ ሜዳ ሊያጣ አይገባውም።